የሁለት ቅል ዳኛ

በጥር ወር፣ ሙቀቱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነደን ሰንብቶ ረገብ ባለ ዕለት፣ እናቴንና ልጄን ይዤ ከሴንት አልባንስ በስተምዕራብ ወዳለው ጅረት ወረድን። ኮሮሮይት ክሪክ ይሉታል። ውሃው ጎድሎ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አንዱን ድንጋይ በምርኩዟ ነካ ነካ አደረገችና «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» አለች።

ልጄ እዚሁ ሜልበርን ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የፊተኛው ገባት፤ የኋለኛው ግን አልገባትም። «እማማ፣ ዳኛ የማይገኝበት ጊዜ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ አልመለሰችላትም። ጥላ ፈልጋ ተቀመጠችና «ተረት ተረት» አለች።

«የላም በረት» አልን ሁለታችንም።

«በአንድ ተራራ ሥር አንድ ወንዝ ነበረ። በወንዙ ግራና ቀኝ ዘጠኝ መንደሮች ነበሩ።»

«ዘጠኝ ብቻ?»

«ኋላ አሥራ ሁለት ሆነዋል። ያኔ ግን ዘጠኝ ነበሩ።»

እናቴ መንደሮቹን የጦጣ መንደር፣ የጃርት መንደር እያለች አልከፈለቻቸውም። በየመንደሩ አውሬው ሁሉ ተቀላቅሎ ይኖር ነበር አለች። ሆን ብላ እንዳደረገችው አውቃለሁ፤ ደግ አደረገች።

እነዚህ መንደሮች በውሃ ሲጋደሉ ኖረው በመጨረሻ ተሰብስበው ተማማሉ። ቃላቸውንም በወንዙ ራስ ላይ ባለ ዓለት ላይ ቀረጹት። ትልቁ ወንዝ የሁሉም ይሁን፤ የየመንደሩ ቦይ የየመንደሩ ይሁን። በየመንደሩ ሹም ይኑር፤ ለወንዙም ሹም ይኑር። ውሃ የሚለካው ዳኛ ግን ከሹም የተለየ ይሁን። ሹም ዳኛን አይዘዘው፣ እንደ ልቡም አይሻረው። ዳኛም ዓለቱ ላይ ከተጻፈው ቃል በቀር ጌታ አይኑረው።

እናቴ ጎጃም ነው የተወለደችው። በልጅነቷ መስኖ ባለበት ቀበሌ ሁሉ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው ነበር። የውሃ ተራ ያወጣል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ በሌሊት ቦይ ሰብሮ የሰው ተራ የጠለፈውን ይቀጣል። ስለዚህ ውሃ የሚለካ ዳኛ ለእሷ የተረት ፈጠራ አይደለም፤ በዓይኗ ያየችው ሰው ነው።

አውሬዎቹ ለዳኝነት የመረጡት ኤሊን ነበር። ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ስለምትሸከም፣ ቤት እሰጥሻለሁ ብሎ የሚያባብላት፣ ቤትሽን አፈርሳለሁ ብሎም የሚያስፈራራት የለም ብለው ነው። በየመንደሩ አንዲት ኤሊ ተሾመች፤ በወንዙ ራስ ላይ ደግሞ ትልቋ ኤሊ ተቀመጠች። ትልቋ ኤሊ ግን ዘጠኙን መንደር በእግሯ ዞራ አትዘልቀውም። ስለዚህ ለመንደር ኤሊዎች ሁለት ሁለት ቅል ሰጧቸው። በትንሹ ቅል የመንደሩን ቦይ ይለካሉ፤ በትልቁ ቅል ደግሞ ስለ ሁሉም ሆነው የወንዙን ውሃ ይለካሉ። ተበደልኩ፣ ቅሉ ተዛብቶብኛል የሚል ወደ ትልቋ ኤሊ ሽቅብ ይወጣል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህ እኮ አንቀጽ 80 ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታችን የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን ጋር የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲይዝ አድርጓል። ባሕር ዳር ላይ የተቀመጠ ዳኛ ጠዋት በክልሉ ሕግ፣ ከሰዓት በኋላ በአገሩ ሕግ ሊፈርድ ይችላል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ፍርድም ወደ ፌዴራሉ ሰበር ችሎት ይወጣል።

«ኤሊዋን የሚያበላትስ ማነው?» አለች ልጄ። ልጅ ሁልጊዜ ወደ እህሉ ይሄዳል።

«ጥሩ ጠየቅሽ» አለቻት እናቴ። «የትንሹን ቅል ቀለብ የመንደሩ ጎተራ፣ የትልቁን ቅል ቀለብ የወንዙ ጎተራ ይስፈር ተብሎ ነበር።»

በወረቀት ላይ የእኛም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 79 የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የክልሉ ምክር ቤት ይመድባል፤ የፌዴራሉን ሥራ ደርበው ለሚሠሩት ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያካክሳል ይላል።

«ታዲያ አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ» ብላ ቀጠለች እናቴ። «በመካከለኛዋ መንደር ሹሙ ጎሽ ነበር። ቀኝ እጁ ደግሞ ነብር። ሁለቱ አብረው ጫካ የኖሩ፣ አብረው የዘመቱ፣ ሹመቱንም አብረው የያዙ ናቸው። ነብሩ በደጉ ጊዜ ያለ ተራው ውሃ ይጠልፋል እየተባለ ይታማ ነበር፤ ደፍሮ የተናገረው ግን የለም። አንድ ቀን ከጎሹ ጋር ተጣሉ። በማግስቱ ጎሹ ‹ነብር የውሃ ሌባ ነው› አለና ቦዩን ደፈነበት።»

«እውነት ሌባ ነበር?»

«ሊሆን ይችላል። ገና አልተለካማ።»

ነብሩ ወደ ኤሊዋ መጣ። ጉልበት የለመደ እንስሳ ነውና መለመን አያውቅበትም፤ ግን «በሕግ አምላክ!» አለ። ኤሊዋ ሁለቱንም ወገን ሰማች። ከዚያ «ክሱ እስኪሰማ ድረስ ቦይህ ይከፈት። ማንም ገና ሳይለካበት በጥም አይቀጣም» ብላ ፈረደች።

መንደሩ ተቆጣ። ከሁሉ ይልቅ የተቆጣችው ሚዳቋ ናት። «ይህ ሰው በላ ትናንት የእኔን ተራ ሲጠጣ የት ነበርሽ?» አለቻት።

«እዚሁ ነበርኩ» አለቻት ኤሊ። «አንቺ አልመጣሽም። አሁንም ክሰሺው፤ በዚሁ ቅል እለካለሁ።»

ሚዳቋን አልነቅፋትም። የጠሉት ሰው መብት ሲከበርለት ማየት ከባድ ነው፤ የወደዱት ፍርድ ሲፈርስ ማየትም እንደዚያው። ምሳሌው እዚሁ ቅርብ ነው፤ ከሴንት አልባንስ በባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ሰንሻይን ነው። እዚያ ኤች ቪ ማኬይ የተባለ ባለሀብት ትልቅ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ሂጊንስ የተባሉ ዳኛ ለዚያ ፋብሪካ ተራ ሠራተኛ ተገቢው ክፍያ በቀን 7 ሺሊንግ ነው ብለው ፈረዱ። መለኪያቸው የገበያው ዋጋ አልነበረም፤ አምስት ነፍስ ያህል ያለው ቤተሰብ እንደ ሰው ለመኖር የሚያስፈልገው ነበር። በዓመቱ የአውስትራሊያ የበላይ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራሉ ፓርላማ በቀረጥ ስም የክፍለ ግዛቶችን ድርሻ ወስዷል በማለት ፍርዱ የቆመበትን ሕግ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሻረው። ሂጊንስ ራሳቸው በዚያ ፍርድ ቤት ተቀምጠው ነበርና ከተሸነፉት ሁለቱ አንዱ ናቸው። እኔ በዚያ ዘመን የፋብሪካው ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ሦስቱን ዳኞች እረግም ነበር። ሆኖም መንግሥት ያወጣውን ሕግ መንግሥት የሾማቸው ዳኞች ሲሽሩ፣ የነካቸው ሹም አልነበረም። የ7 ሺሊንጉ ልክም አልሞተም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሩ ደመወዝ መነሻ ሆኖ ኖሯል።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ኤሊዋ በራሷ አፍ ግድቡን ከፈተች። ውሃው በቦዩ ወረደ። ነብሩ ማሳው ዳር ቆሞ ድምፁን ይሰማል። ውሃው ግን ከመታጠፊያው አላለፈም። ጎሹ ከኤሊዋ ዓይን ራቅ ባለች ቦታ በሰኮናው አፈር ነድቶ ደፍኖታል። በማግስቱ ደግሞ አውሬው ሁሉ ሲነቃ ዓለቱ ላይ አዲስ መስመር ተቀርጾ አገኘ፤ «በውሃ ስርቆት የተጠረጠረ ክሱ እስኪያልቅ ጠብታ አያገኝም» ይላል። የቀረጻው አቧራ ገና አልረገፈም።

እናቴ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ይህን ክፍል ከራሷ አላወጣችውም። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ከትግል ጓዶቻቸው ጋር ከተለያዩ በኋላ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የቀረበላቸው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። በዋስ ይለቀቁ ብለው ወሰኑ። ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው ተይዘው ተመልሰው ታሰሩ። ምክር ቤቱም በፍጥነት ሕጉን አሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ አደረገ። ስዬ ከእስር የወጡት ስድስት ዓመት ገደማ ቆይተው ነው። በዚያ ወቅት በማውቃቸው ሰዎች መካከል ለእሳቸው የሚራራ ብዙ አልነበረም። ሚዳቋ ሆነን ነበር። ፍርዱ ከችሎት ወጥቶ በሩ ላይ ሲያዝ አየን፤ ያየነው ግን የተያዘውን ሰውዬ እንጂ የተያዘውን ፍርድ አልነበረም።

«እዚህ ቢሆንስ?» አለችኝ ልጄ።

እዚህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒው ሳውዝ ዌልስ ፓርላማ አንድ እስረኛ ቅጣቱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ለእሱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ሕግ አወጣ። ወደፊት ጥፋት ይፈጽማል ተብሎ የሚገመት ከሆነ ፍርድ ቤቱ በእስር ያቆየው የሚል ነው። ሰውየው ሚስቱን የገደለ ነው፤ ማንም የሚወደው ዓይነት ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 የበላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ጣለው። ምክንያቱን ለልጄ በእናቴ ቅል አስረዳኋት፤ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የክፍለ ግዛቱ ዳኛ ሁለት ቅል ይዟል። ትንሹ የክፍለ ግዛቱ ቢሆንም ትልቁ የመላው አገር ነው። ትልቁን ቅል የያዘ እጅ በአንድ መንደር ሹም ትዕዛዝ ከጭቃ አይገባም። ክፍለ ግዛቱ ለራሱ ፍርድ ቤት ሥራ መስጠት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱን የራሱ መሣሪያ ማድረግ ግን አይችልም። በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ሁለት ጌታ ያለው ዳኛ ሁለት ጊዜ ይፈራል ብዬ አስብ ነበር። ያ ፍርድ ሁለተኛው ቅል ጋሻም ሊሆን እንደሚችል አሳየኝ።

የእኛም ዳኞች ሁለቱን ቅል ይዘዋል። ልዩነቱ ዓለቱን የሚያነበው ማነው የሚለው ላይ ነው። እናቴም በተረቷ አልዘለለችውም። ኤሊዋ አዲሱን መስመር አይታ «ይህ ከፊተኛው ቃል ጋር ይጋጫል» ስትል፣ «ዓለቱን ማንበብ የመንደሮቹ ሸንጎ ሥራ ነው፤ አንቺ ውሃሽን ለኪ» ተባለች።

«የተጣሉት ራሳቸው ያነቡታል ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«አዎ።»

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እየተመራ፣ መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዳኛ አይደለም። አርቃቂዎቹ የሰጡትን ምክንያት አላቃልለውም። ሰነዱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች ሊፈቱት አይገባም አሉ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲተላለፍ የሆነውን አስታውሳለሁ። ሊቃውንቱ በአጣሪ ጉባኤው ፊት ሲከራከሩ በቴሌቪዥን አየን፤ ደስ የሚል ክርክር ነበር። በመጨረሻ ግን የምክር ቤቶቹ ዘመን ይራዘም ብሎ የወሰነው፣ አባላቱ ከምክር ቤቶች የተወከሉበት ቤት ነው። ዘመኑ የሚለካበት አካል ራሱ ቅሉን ያዘ። ውሳኔው ትክክል ነው ለሚል ሰው እንኳ ይህ ሊያሳስበው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስናገር እናቴ የጅረቱን ውሃ እያየች ነበር። «ያንቺም አገር ቢሆን» አለቻት ልጄን፣ «የዚህ መሬት የጥንት ባለቤቶች ዳኛ እስኪያገኙ ስንት ዘመን ጠበቁ?» የት እንደሰማችው አላውቅም። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። የጅረቱ ስም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። መሬቱ እንግሊዞች ሲመጡ ባለቤት እንዳልነበረው ይቆጠር የነበረውን የሕግ ሐሳብ የበላይ ፍርድ ቤቱ የጣለው በማቦ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ነው። ፍርድ ቤቱ ከተቋቋመ 88 ዓመት አልፎት ነበር። ልጄ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰላት፤ ዝም አለች።

ጎሹ ደግሞ ጎተራውን ዘጋ። «ለነብር የፈረደች ኤሊ የነብርን ፍርፋሪ ትብላ» አለ። የአውስትራሊያን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ይህችን ሰኮና አስቀድመው ያወቋት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ በሚሠራው በአንቀጽ 72 ላይ የፌዴራል ዳኛ በሥራው ላይ እያለ ደመወዙ አይቀነስም፤ የሚነሳውም የተረጋገጠ ጥፋት ወይም አቅም ማጣት ሲኖር፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ሲጠይቁ ብቻ ነው ብለው ጽፈዋል።

ኤሊዋ እንዲህ ያለ ቃል የተጻፈላት አልነበረችም። ተርባ ወደ መታጠፊያው ሄደች። መንገዱ ሦስት ቀን ወሰደባት። ደርሳም ከድፍኑ ፊት ሁለቱን ቅሎች አስቀመጠችና «በሕግ አምላክ!» አለች።

አገራችን ውስጥ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ውሃው ቆመ። የነብሩ ቦይ ብቻ ሳይሆን ወንዙ ሁሉ፣ ከራሱ እስከ ግርጌው፣ ባለበት ቀጥ አለ። ዘጠኙም መንደር ደረቀ። የጎሹ መጠጫም ደረቀ።

ጎሹ እየሮጠ መጣ። «አስለቅቂው!» አላት።

«እኔ አልያዝኩትም» አለችው ኤሊ። «ፍርዱ የቆመው እዚህ ነው። ውሃውም ፍርዱ የቆመበት ቆሞ ይጠብቃል።»

ጎሹ ቀንዱን አወዛወዘ። ኤሊዋ አንገቷን ወደ ቤቷ ሳበች። ቀን አለፈ፣ ሌሊትም አለፈ። በሁለተኛው ሌሊት እንቁራሪቶቹ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ድፍኑን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ጃርቱ መጣ። ከዚያ ሚዳቋ መጣች። ነብሩን ዛሬም ትጠላዋለች፤ ግን በፊት እግሯ አፈሩን መጫር ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድፍኑ ተነሳ፤ ውሃውም መጀመሪያ የደረሰው የነብሩ ማሳ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሚዳቋ ክሷን አቀረበች። ኤሊዋ ለካች። ነብሩ አርባ ሌሊት የሚዳቋን ተራ ጠልፎ እንደነበር ተረጋገጠ። አርባ ሌሊት ተራው ለሚዳቋ ተሰጠ። ነብሩ አጉረመረመ፤ ግን አልተቃወመም።

«ከዚያ አንድ ቀን ጎሹ ራሱ ተሽሮ በሕግ አምላክ እያለ ይመጣል፣ አይደል?» አለች ልጄ። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ከመጻሕፍቷ ለምዳለች።

«የለም» አለች እናቴ። «ጎሹ ዛሬም ሹም ነው። በየዓመቱ ይደፍናል፤ እነሱም በየዓመቱ ይጭራሉ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ወንዙ አልቆመም፤ እኛም ወደ መታጠፊያው አልሄድንም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሴንት አልባንስም ኑሩ አዲስ አበባ፣ ችሎት ክፍት በሆነበት አንድ ጠዋት ጊዜ ስጡ። እዚህ ያላችሁ ሰንሻይን ወዳለው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት፣ እዚያ ያላችሁ ልደታ ምድብ ችሎት ገብታችሁ ከኋላው አግዳሚ ተቀመጡ። ተከሳሹ የምትወዱት ሰው ባይሆንም ተቀመጡ። ፍርዱ ሲነበብ ስሙ፤ ከዚያም ተነሥታችሁ እስከ ውጭው በር ድረስ ተከተሉት።